የቤቴን በር ቀለም የማያውቀው ወዳጄ

ወዳጆቼ፣ እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረሳችሁ!

ከድሬዳዋ ነው የምጽፍላችሁ። ሙቀቱ ረገብ ብሏል። ማታ ማታ ነጠላ ደርበን በረንዳ ላይ የምንቀመጥባት፣ ለኛ ለድሬ ሰዎች «ብርድ» የምትባለው ወቅት መጥታለች። ደገኞች ብትስቁብንም ግድ የለንም። ቀፊራ ገበያው ተጨናንቋል። የዶሮውን ዋጋ አታንሱብኝ።

የዘንድሮ መልእክቴ ትንሽ ኑዛዜ አለበት። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ይባል የለ? እንግዲያው መሀል ላይ ብቆጣም ቻሉኝ፤ አብዛኛው ቁጣ በራሴ ላይ ነው።

አንድ ወዳጅ አለኝ። ስልክ ጠጋኝ ነው። እሱ የሚኖረው ከደቻቱ ወንዝ ማዶ መጋላ፣ እኔ ደግሞ ከዚራ። ከልጅነቱ ጀምሮ በዊልቸር ነው የሚንቀሳቀሰው። ስድስት ዓመት ሙሉ በዓል በመጣ ቁጥር ሳህን በጨርቅ ቋጥሬ ቤቱ እሄዳለሁ። ለገና ዶሮ፣ ለፋሲካ ከቅርጫው፣ ለእንቁጣጣሽ ድፎ ዳቦ። አብረን እንበላለን፣ እንስቃለን፣ ባዶ ሳህኔን ይዤ እመለሳለሁ። እውነቱን ልናገርና በመንገዴ ላይ ራሴን አመሰግን ነበር። ጥሩ ሰው ነኝ እኮ!

አምና ለፋሲካ እጁን እየታጠበ እንዲህ አለኝ፦

«ያንተ ቤት በሩ ምን ዓይነት ቀለም ነው?»

«አረንጓዴ። ምነው?»

«አይ፣ ስድስት ዓመት ወጡን በላሁ፤ በሩን አላየሁትም ብዬ ነው።»

ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ባጃጅ ውስጥ ከገባሁ በኋላ ግን ሳህኑ ጭኔ ላይ ከበደኝ።

ሦስት ደረጃ ነው። በበሬና በግቢው መሀል ያለው ሦስት ደረጃ ብቻ። በቀን ዐሥር ጊዜ እወጣዋለሁ፣ እወርደዋለሁ፤ አንድም ቀን አይቼው አላውቅም። አልጠራሁትም እንጂ «አትምጣ» ብዬው አላውቅም። ሁሌ እኔ ስለምሄድለት መምጣት እንደማይችል ሳይሆን መምጣት እንደማያስፈልገው አድርጌ ቆጥሬዋለሁ። ሳህን መላክና ሰው መጥራት ለካ አንድ አይደሉም።

በዚሁ ወር፣ ታኅሣሥ 19፣ ቁልቢ አብረን ነበርን። የደንገጎን ዳገት ወጥታችሁ የቁልቢን ብርድ የቀመሳችሁ ታውቁታላችሁ፤ ያን ዕለት ሰዉ እንደ ጎርፍ ነው። ድንጋይ ተሸክሞ የሚወጣ አለ፣ ተንበርክኮ የሚሄድ አለ። ወዳጄ ጋቢውን ተከናንቦ ዊልቸሩ ላይ ተቀምጧል፣ እኔ ከኋላ እገፋለሁ። አንዲት እናት መጡና ትከሻው ላይ እጃቸውን አሳረፉ።

«ገብርኤል ለዓመቱ በእግርህ ያምጣህ ልጄ።»

«አሜን እማማ። እኔ ግን የመጣሁት ለዚህች ነው» አለና ጋቢውን ገለጥ አደረገው። ሴት ልጁ እቅፉ ውስጥ ተኝታለች። ስለት ተስሎ ያገኛት ልጁ ናት፤ ክርስትና ሊያስነሳት ነው የመጣው።

ሴትዮዋ አንዴ ልጅቷን፣ አንዴ እሱን አዩ። «ያንተ ናት?»

«የኔ ናት።»

«እናቷስ?»

«ጥላውን ይዛ ከኋላ እየመጣች ነው።»

ለአፍታ ዝም አሉ። ከዚያ እልል አሉላችሁ! ዙሪያው ያለው ሰው ሁሉ ተቀበላቸው። እንዲህ ያለ እልልታ በሠርጌም አልሰማሁም።

ከዚያ በፊት ግን፣ እዚያ እስክንደርስ፣ ሰው እያለፈ ጭኑ ላይ ብር ይጥልለት ነበር። ዐሥር ብር፣ ሃምሳ ብር። ልጁን ታቅፎ፣ ንጹሕ ለብሶ፣ ከሚስቱ ጋር ለሄደ ሰው! የሰዎቹ ልብ ውስጥ ክፋት የለም። ዊልቸር ሲያዩ እጃቸው ወደ ኪሳቸው ይሄዳል፣ አለቀ። እሱ አንድም ሳይመልስ ሰበሰበውና ከስለቱ ጋር አንድ ላይ ሰጠው። «በኔ በኩል እያለፉ ለገብርኤል ነው የሰጡት» አለኝ። እኔ ብሆን ይህን ያህል ጨዋ የምሆን አይመስለኝም።

ስንመለስ መኪና ውስጥ ስለ ትዕግስት ገዛኸኝ አነሳሁበት። በ2013 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ በ1,500 ሜትር ለኢትዮጵያ የመጀመሪያውን የፓራሊምፒክ ወርቅ ያመጣችው ልጅ። ያበረታታሁት መስሎኝ ነበር። «እሷ ጀግና ናት» አለ። «ችግሩ እናንተ ለኛ ሁለት ወንበር ብቻ ነው ያላችሁ። አንዱ የጀግና፣ አንዱ የምስኪን። ወርቅ ያላመጣ ሰው የት ይቀመጥ? እኔ ስልክ ነው የምጠግነው።»

ሌላም ነገር አለ፣ የቃል ነገር። አንድ ዘመዴ ስለ እሱ ሲጠይቀኝ «ሚስቱ ጤነኛ ናት?» አለኝ። መራመድ ትችላለች ወይ ማለቱ ነው። ወዳጄ ከኔ በላይ ጤነኛ ነው፤ ጉንፋን እንኳ ሲይዘው አላየሁም። እኔ ነኝ በየሳምንቱ ጨጓራዬን የማክመው። ምግብ ቤት ስንገባ ደግሞ አስተናጋጁ ወደ እኔ ዞሮ «እሱ ምን ይጠጣል?» ይላል። «አፉ እዚያው ነው፣ ጠይቀው» እላለሁ። ባጃጅ ላይ ስንሳፈርም እንደዚሁ፤ ሾፌሩ ሊያግዝ ብሎ ሳይጠይቅ ብብቱ ሥር እጁን ይሰዳል። ወዳጄ ለመውረድና ለመውጣት የራሱ ዘዴ አለው፤ የሚፈልገው ዊልቸሩን አጥፎ ከኋላ የሚያስር ሰው ብቻ ነው። «እንዴት ላግዝህ?» ብሎ መጠየቅ ሦስት ሴኮንድ ነው። ለዊልቸሩ ሒሳብ የሚጨምሩትን ሾፌሮች ደግሞ ለገና ብዬ ዛሬ እተዋቸዋለሁ።

ወደ ደረጃዬ ልመለስ። ከፋሲካ በኋላ ራምፕ፣ ማለትም በደረጃ ፋንታ ዊልቸር የሚወጣበት ተዳፋት፣ ላሠራ ቆረጥኩ። ግንበኛ ጠራሁ፣ ሲሚንቶ ገዛሁ፣ ወዳጄን ላስደንቀው ብዬ ትንፍሽ አላልኩም። ስህተቴ እዚህ ላይ ነው። ደረጃዎቹ እያንዳንዳቸው 15 ሳንቲሜትር ናቸው፣ ሦስቱ 45። ግንበኛው በሜትር ተኩል ጨረሰው። አምሮ ተለስኖ፣ ልሙጥ ብሎ ደረቀ። ፎቶ አንስቼ በቴሌግራም ላኩለት። መልሱ ወዲያው መጣ፦

«ይሄ ለፍየል ነው።»

የሰፈሩ ልጆች ቀድመው ገብቷቸዋል፤ በማግስቱ በቂጣቸው ሲንሸራተቱበት አገኘኋቸው።

ከዚያ እሱ በድምፅ አስረዳኝ። ለአንድ ሳንቲሜትር ከፍታ ዐሥራ ሁለት ሳንቲሜትር ርዝመት ያስፈልጋል። ለ45 ሳንቲሜትር ማለት 5 ሜትር ከ40 ነው። ስፋቱ ከ90 ሳንቲሜትር ባያንስ ይመረጣል። ላዩ መለሰን የለበትም፣ ሻከር ይበል፣ ዝናብ ሲመጣ ጎማ እንዳያንሸራትት። ጠርዙ ላይ ከፍ ያለ ድንበር ይኑረው። በሩ ፊት ደግሞ ሜዳ ቦታ፣ ዊልቸሩ ቆሞ በሩ እስኪከፈት ወደ ኋላ እንዳይንደረደር። ይህን ሁሉ ያውቃል! ዕድሜውን በሙሉ የተማረው ትምህርት ነው። የአካል ጉዳተኞች ማኅበራት «ስለ እኛ ያለ እኛ አይሆንም» ሲሉ ትልቅ የፖለቲካ ነገር ይመስለኝ ነበር። ለካ ለሲሚንቶም ይሠራል።

አፈረስነው። አምስት ሜትር ከአርባ በቀጥታ የሚበቃ ግቢ የለንም፤ ስለዚህ በፓፓያው ዛፍ በኩል ታጥፎ፣ በግንቡ ሥር ዞሮ መጣ። አከራዬ ወገባቸውን ይዘው ሲያዩ ቆዩና «ግቢዬን ምድር ባቡር አደረግኸው!» አሉ። እውነታቸውን ነው፣ ሐዲድ ይመስላል። ሁለት ሳምንት ሙሉ አኮረፉኝ። ከዚያ አንድ ቀን ጠዋት ጉልበታቸው የሚያማቸው እኒሁ ሴት ግድግዳውን እየተደገፉ በራምፑ ቀስ ብለው ሲወርዱ በመስኮት አየኋቸው። እንዳላየሁ ሆንኩ። አሁን የውኃ ጀሪካን የሚያመጣው ልጅ ጋሪውን ይዞ በዚያው ይወጣል። የበዓሉ በግ ብቻ ነው ያልተስማማው፤ ደረጃው ይሻለኛል ብሎ ጎተተኝ።

ሕጉማ አለ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624፣ አንቀጽ 36 ላይ፣ የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ በዊልቸር የሚሄድና ደረጃ መውጣት የማይችል ሰው የሚገባበት መንገድ ይኑረው ሲል ደነገገ። መጸዳጃ ቤቱም እንደዚሁ። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ አገራችን የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚመለከተውን የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት አጽድቃለች። አዋጁ በወጣ ዓመት የተወለደ ልጅ አሁን የማትሪክ ዕድሜ ላይ ነው። እኔ የማውቀው አንድ ሕንፃ፣ ስሙን አልጠራም፣ ቆንጆ ራምፕ አለው። ጫፉ ላይ ትልቅ የአበባ ማሰሮ ተቀምጦበታል። ለማንኛውም፣ የኔ ሦስት ደረጃ ላይ የሚደርስ አዋጅ የለም። ለቡና ማን እንደሚጠራ የሚወስን መንግሥት የለም፤ ያ የኔ ነው።

ራምፑን ጨርሼ ደረቴን ነፍቼ ሳለ ደግሞ ሌላ ጉድ መጣ። ጎረቤታችን አንዲት መስማት የተሳናት ወጣት አለች። ደረጃው እሷን አያግዳትም፤ በዓል ሲሆን ቡና ላይ ሁሌ ትመጣለች። እኛ ስንስቅ ትስቃለች። ከዚያ በእጇ «ምን ተባለ?» ትላለች። «ቆይ፣ እነግርሻለሁ» እንላታለን። ያ «ቆይ» አቦሉ አልቆ፣ ቶናው አልፎ፣ በረካው ተጠጥቶ እንኳ አያልቅም። ቤት ገብታም ውጭ ቀርታለች ማለት ነው።

ለምኜያት ፊደል እያስተማረችኝ ነው። የምልክት ቋንቋችን የጣት ፊደል እንዴት እንደሚሠራ ታውቃላችሁ? እያንዳንዱ ፊደል የራሱ የእጅ ቅርጽ አለው፤ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያሉት ሰባቱ ድምፆች ደግሞ እጁ በሚያደርገው እንቅስቃሴ ይለያሉ። ሀሁ በአየር ላይ ማለት ነው! የቄስ ትምህርት ቤት ልጅ የነበርኩ ሰው በዚህ ዕድሜዬ እንደገና ከሀ ጀመርኩ። ባለፈው ስሜን ስጽፍ አንዱን ፊደል አበላሸሁትና ሌላ ቃል ሆነ። ምን እንደሆነ እዚህ አልጽፈውም። ሆዷን ይዛ ሳቀች። እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ በምን እንደሳቀች አወቅሁ። «እንኳን አደረሰሽ» ማለትን ለነገ እየተለማመድኩ ነው፤ ጣቶቼ ገና እንደ ብረት ናቸው።

ይህን ስጽፍላችሁ ዋዜማ ነው። ሽንኩርቱ ተከትፎ አልቋል፤ ቤቱ ውስጥ ዓይኑ ያላበጠ ሰው የለም። ቅድም ስልኬ ጮኸ። ወዳጄ ነው።

«ነገ በስንት ሰዓት ልምጣ?»

«ከቅዳሴ ስትመለሱ። ሦስታችሁም።»

«እሺ። ምን ይዤ ልምጣ?»

በስድስት ዓመት ውስጥ ይህን ጠይቆኝ አያውቅም። እንዴት ይጠይቀኛል? እንግዳ አድርጌው አላውቅማ። «ኧረ ምንም አታምጣ» ልል አፌን ከፈትኩና ዋጥኩት።

«ዳቦ» አልኩት። «ትልቅ ድፎ ዳቦ። በኮባ የተጋገረ።»

«ሚስቴን ልንገራት። በሩ አረንጓዴ ነው አይደል ያልከኝ?»

«አረንጓዴ። በፓፓያው በኩል ታጥፈህ ቀጥ በል።»

አሁን ልነሳ። በጉን ከራምፑ ድንበር ላይ አስሬዋለሁ፤ መንገዱን ሳያበላሽብኝ ቦታ ልቀይርለት። መልካም ገና!