ጳጉሜን 6 የለም ያለው ሲስተም

ጳጉሜን 6 ቀን 2011 ጠዋት ነው። ጣና ዳር ካሉት የባሕር ዳር ሆቴሎች አንዱ ወደ ሶፍትዌር ቢሯችን ደወለ። እንግዳ ተቀባይዋ በጣም ተቆጥታለች። «ሲስተማችሁ እኮ እንዲህ ያለ ቀን የለም ይለኛል! ደረሰኝ አላትምም ብሏል፤ ሰው ተሰልፏል።»

የሥራ ጓደኛዬ ኮዱን ከፈተው። ጳጉሜንን የምትቆጥረው መስመር ዓመቱ ለ4 እኩል ከተካፈለ 6 ቀን፣ ካልተካፈለ 5 ትላለች። ከፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ የተቀዳች ነች። የእኛዋ 6ኛ ቀን ግን የምትመጣው ዓመቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ሲተርፍ፣ በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ ነው። ማንም ዲያቆን የሚያውቀው ነገር ባለዲግሪዎቹን አምልጧቸዋል።

መስመሯ ተስተካከለች፣ ሆቴሉም ሥራውን ቀጠለ። ከሰዓት የዘጌ ጀልባ ትኬት የሚቆርጡት ደወሉ። ያው ችግር። ቀጥሎ የቁጠባ ማኅበሩ። የቀን ክላሷ፣ ማለትም ቀን የምትቆጥረው የኮድ ክፍል፣ ከፕሮጀክት ወደ ፕሮጀክት ኮፒ ፔስት ስትደረግ ነው የኖረችው። ይባስ ብሎ ቅጂዎቹ አይመሳሰሉም፤ እያንዳንዱ ፕሮግራመር የራሱን ጨማምሮባታል። አንዱ ጋ ስሟ ራሱ በሌላ ስፔሊንግ ስለተጻፈ ሰርች ብናደርግም አልተገኘችም።

ከበዓል መልስ አለቃችን የጋራውን ኮድ አንድ ፎልደር ውስጥ ሰበሰበና ሁሉም ፕሮጀክት በቀጥታ ከዚያ ይውሰድ አለ። ተገላገልን ብለን ነበር።

እዚያው ፎልደር ውስጥ «ደንበኛ» የምትባል ቤዝ ክላስ፣ ማለትም የሌሎች ክላሶች መነሻ፣ አለችን። የሆቴሉ እንግዳ፣ የጀልባው ተሳፋሪ፣ የማኅበሩ አባል ሁሉም ከእሷ ይወርሳሉ፤ እሷ ላይ የተጻፈው ለእነሱም ይሠራል። ለማኅበሩ የሚሠራው ልጅ ደንበኛ የምትመዘግበዋን «ሴቭ» የምትለዋን ነካ አደረጋት፦ ስልኩ በ09 ካልጀመረ አይመዘገብም። ያኔ ለማኅበሩ ልክ ነበር። ሆቴሉ አዲሱ ሲጫንለት ግን ፈረንጅ መመዝገብ አቆመ።

ልጁ ላይ ብዙ ተጮኸ፤ ያለ አግባብ ይመስለኛል። የአንዱ ቤት ለውጥ ሳያንኳኳ ሁሉም ቤት የሚገባበትን በር የከፈትነው በፎልደሩ ነው።

ከዚያ ወዲህ ላይብረሪው፣ ማለትም የጋራው ኮድ፣ ቁጥር ያለው ፓኬጅ ሆኖ ይወጣል፤ ኔት ሲጠፋም እንዲገኝ ቢሯችን ሰርቨር ላይ ተቀምጧል። 2.4.1 ቢል፣ የመጨረሻው ቁጥር ስህተት ሲታረም፣ የመሀሉ ነገር ሲጨመር፣ የመጀመሪያው የድሮውን ኮድ የሚሰብር ለውጥ ሲመጣ ይቀየራል። ፕሮጀክቱ የመረጠውን ቁጥር ይዞ ይቀመጣል፤ ሲመቸው ያሳድጋል። የስልኳ ሕግ ወደ ማኅበሩ ኮድ ተመለሰች። የቀኗ ክላስ ደግሞ በአራቱም ወንጌላውያን ዘመን ሳትፈተን አትወጣም።

የጀልባው ሲስተም ዛሬም 1.3 ላይ ነው። አለቃችን ወደ 2 ይውጣ ይላል። እኔ የሚሠራን ነገር ምን አስነካን ባይ ነኝ። እስካሁን አልተስማማንም።