ከላይ እስከ ታች 5

ዛሬ ከአንድ መሥሪያ ቤት የሰበሰብኩትን መጠይቅ ስገለብጥ አመሸሁ። አንዱ ወረቀት ላይ እጄ ቆመ። «አለቃዬ ሐሳቤን ያዳምጣል» 5 ተከቧል፤ 5 ማለት «በጣም እስማማለሁ» ነው። ዝቅ ብሎ «አለቃዬ ሐሳቤን ከቁም ነገር አይቆጥርም»፣ እሱም 5። በአንድ ትንፋሽ የተሞላ ይመስላል።

ወረቀቱ ሲታደል አንዲት እናት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ልጄ፣ ይህን አለቃችን ያየዋል እንዴ?» ብለውኝ ነበር። «ማንም አያየውም» አልኳቸው። ነገር ግን የሚያድለውም የሚሰበስበውም የክፍሉ ኃላፊ ነበር! እኔ ብሆን ምን እሞላ ነበር?

የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ክራውንና ማርሎው እ.ኤ.አ. በ1960 ባለ 33 ጥያቄ መለኪያ ያዘጋጁት ለዚህ ነው፤ ሰው እውነቱን ትቶ የሚያስመሰግነውን የመመለስ ዝንባሌውን ለመለካት።

ከዚህ የባሰ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። ስለ አለቃውም ስለ ሥራ እርካታውም አንዱን ሰው፣ በአንድ ቀን፣ በአንድ ወረቀት ጠየቅሁት። በሁለቱ መካከል የማገኘው ተዛምዶ ከፊሉ መጠይቁ ራሱ የፈጠረው ሊሆን ይችላል። ተመራማሪው ፖድሳኮፍና ባልደረቦቹ በ2003 እ.ኤ.አ. ይህንን በዝርዝር ጽፈዋል፤ ምንጩን ለያዩ፣ ጊዜውን አራርቁ፣ የመላሹን ማንነት ጠብቁ ይላሉ። ብዙዎቻችን ተመራማሪዎች የሃርማንን የአንድ ፋክተር ፈተና (የመልሶቹን ልዩነት በአብዛኛው አንድ የጋራ ምክንያት ብቻ ያብራራው እንደሆነ የሚያይ ስሌት) ሠርተን «ችግር የለም» ብለን እናልፋለን። ያ ፈተና ደካማ ነው፤ ችግሩን አያስወግድም፣ ሁልጊዜም አያገኘውም።

ሰኞ ተመልሼ እሄዳለሁ። የሚታሸግ ፖስታና የተቆለፈ ሣጥን ይዤ፣ ራሴ አድላለሁ። የእርካታውን ክፍል ከሦስት ሳምንት በኋላ እጠይቃለሁ።