የአዋሳኝ ፊርማ

ዛሬ ዝም ብሎ ሲከፋኝ ዋለ። ምንም አልሆንኩም። ማንም ምንም አላለኝም። እንዲህ የሚያደርገኝ ቀን እንዳለ ታውቃላችሁ። ቢሮ ዘ. «ምን ሆነሻል?» ስትለኝ «ሙቀቱ ነው» አልኳት። ድሬ ላይ ይህ መልስ ሁሌም ይሠራል። ትዳርሽ ቢፈርስ፣ ደመወዝሽ ቢቆረጥ፣ ሙቀቱ ነው ማለት ነው። ሰውም «እሱስ ልክ ነሽ» ብሎ ያልፍሻል።

ቤት ስገባ መብራት የለም። እማዬ ወንበሯን ደፍ ላይ አስጠግታ በካርቶን ቁራጭ ራሷን ታራግባለች። ጠረጴዛው ላይ ጎረቤታችን የሐ. አባት ትቶት የሄደው ወረቀት አለ። ነፋስ እንዳይወስደው ብላ እማዬ የጨው ዕቃ ጭናበታለች። የምን ነፋስ! እሱን ሳይ ነው መሰለኝ የባሰብኝ።

ጎረቤቶቻችን ቤት ሊያሰፉ ነው ብዬ ነግሬያችሁ ነበር። ወደ እኛ አጥር አስጠግተው ሁለት ክፍል ይሠራሉ። ኮለኑ ደግሞ ወደፊት ፎቅ እንዲሸከም ሆኖ ይቆማል። ፈቃድ ለማውጣት ፋይል ከፍተዋል። ካርታው፣ የግብር ደረሰኙ፣ ፕላኑ ተሟልቷል። የቀረው አዋሳኝ «አልቃወምም» ብሎ የሚፈርምበት ወረቀት ነው። ከጀርባ ያሉት ፈርመዋል፣ በዚያኛው በኩል ያሉትም ፈርመዋል። እኔ ቀረሁ።

«ወላሂ፣ አንቺን ስለማከብር ነው ወረቀት ይዤ የመጣሁት» አለኝ የሐ. አባት። «ሌላው መች ይጠይቃል?»

እውነቱን ነው። በእኛ መንገድ ቅዳሜ ማታ ብሎኬት ይወርዳል፣ ሰኞ ጠዋት ግድግዳ ቆሞ ታገኚዋለሽ። ደንብ አስከባሪ እስኪመጣ ቀለም ተቀብቶ ተከራይ ገብቶበታል። ተከራዩን ብትጠይቂው «እኔ ስመጣም እንዲሁ ነበር» ይልሻል። ስለዚህ ፋይል ከፍቶ የሚመላለስ ሰው ሊመሰገን ይገባዋል። እኔም አመስግኜዋለሁ። ሻይ አፍልቻለሁ። ብቻ አልፈረምኩም። «ላንብበው» አልኩት። ግማሽ ገጽ የማትሞላ ወረቀት እኮ ናት።

ፕላኑን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ በሁለት ብርጭቆና በእማዬ የመነጽር ቤት ማዕዘኖቹን ያዘልኝ። ጣቱን እያስኬደ አስረዳኝ። ይሄ መኝታ ቤት፣ ይሄ መታጠቢያ፣ ይሄ ደግሞ… እዚህ ላይ ድምፁ ቀነስ አለ። ወረቀቱ «ሳሎን 2» ይላል። ሳቄን ዋጥኩት። ሳሎን ሁለት ማለት የበርጫ ክፍል ነው። ዙሪያውን ፍራሽና መከዳ፣ ጥግ ላይ ፔርሙስ፣ በሩ ላይ የጫማ ክምር። ግን የትኛው መሐንዲስ ነው ማኅተም በሚያርፍበት ወረቀት ላይ «መቃሚያ» ብሎ የሚጽፈው? ሳሎን ሁለት። ጨዋ ስም ነው።

ዓይኔ የቀረው ግን ከአጥሩ ወዲህ ነው። እኛ ቤት ፕላኑ ላይ አለ። ባዶ አራት ማዕዘን፣ ውስጡ «ነባር ቤት» የሚል ጽሑፍ። በር የለውም። መስኮት የለውም። እኔ የምተኛበት ክፍል መስኮት በትክክል ያ አዲሱ ግድግዳ በሚቆምበት ፊት ለፊት ነው። ማታ ማታ፣ ከተማው ትንሽ ሲተነፍስ፣ ነፋስ የሚገባልኝ በእሱ ነው። ፕላን የሠራው ልጅ አይፈረድበትም። የራሱን ደንበኛ ቤት ነው እንዲሥል የተከፈለው።

እኔ ደግሞ አንድ ነገር ከያዝኩ አልለቅም፣ አመሌን ታውቁታላችሁ። ሕግ ሳገላብጥ አመሸሁ፣ በስልክ ባትሪ ብርሃን። በ2001 የወጣው የሕንፃ አዋጅ ግንባታ የሚለው አዲስ ቤት መሥራትን ብቻ አይደለም። ያለውን ማሻሻልም፣ አገልግሎቱን መለወጥም በእሱ ውስጥ ነው። ስለዚህ ከመንገድ ወዲያ ያለችው ሴትዮ የልጇን መኝታ ክፍል በመንገድ በኩል ሰብራ ሱቅ ስታደርገው ገንብታለች ማለት ነው። የምንገዛት ስኳር ሁሉ ያለ ፈቃድ ነው። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ ደስ የሚል ነገር አለ። ባለቤት የሆነ ሰው ጎረቤቱን እንዳይጎዳ ያዝዛል። ጭስ፣ ጥላሸት፣ መጥፎ ሽታ፣ ጫጫታ፣ ንዝረት ከመልካም ጉርብትና ልክ እንዳያልፍ ይላል። መልካም ጉርብትና! ሕግ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ሲገኝ ሰው ትንሽ ይጽናናል።

ዝርዝሩን ግን ደግማችሁ እዩት። ሁሉም ከጎረቤት ወደ አንቺ የሚመጡ ነገሮች ናቸው። ጭሱ ይመጣል፣ ሽታው ይመጣል፣ ጫጫታው ይመጣል። ጎረቤት የሚያስቀርብሽ ነገርስ? ነፋስ በዚያ መስመር ላይ የለም። ሕጉን ያረቀቁት ሰዎች ግንቦት ላይ ድሬ ቢያድሩ ኖሮ ይጨምሩት ነበር እላለሁ።

ከዚራን፣ ያንን የድሮ የፈረንሳዮች ሰፈር፣ የሠሩት ግን ገብቷቸው ነበር። ባቡሩ በ1895 እዚህ የደረሰው ሐረር መግባት ስላቃተው ነው። ተራራው ከበደውና ከታች፣ በዚህ ሞቃት ሜዳ ላይ ቆመ። ከተማውም «አዲስ ሐረር» ተባለ፣ ስሙ ግን አልጸናም። ፈረንሳዮቹ መንገዱን ቀጥ አድርገው ቀደዱት፣ ግራና ቀኙን ዛፍ ተከሉበት፣ ቤቶቹን ኮርኒሳቸውን ሰቅለው ባለ በረንዳ አደረጓቸው። ከደቻቱ ወንዝ ወዲያ ያለው የመጋላ ሰፈር ደግሞ ያለ እነሱ እርዳታ በራሱ ብልሃት አደገ። መንገዱ ጠባብ ነው፣ ግን አንዱ ግድግዳ ለሌላው ጥላ ይሰጣል። ሁለቱም ሙቀቱን ያውቁታል። የማናውቀው እኛ ነን። እሁድ ከዚራ ሄደን በረንዳው ላይ ፎቶ እንነሳለን፣ «የድሮ ሰው ቤት አሠራር!» እንላለን፣ ከዚያ ቤታችን ገብተን የራሳችንን በረንዳ በብሎኬት ደፍነን ክፍል እናደርገዋለን። እኛም ደፍነናል። አባቢ ነው የደፈነው። የእማዬ ወንበር ደፍ ላይ የሆነው ለዚህ ነው፣ በረንዳ ስለሌላት።

ለምን ደፈነው ካላችሁ፣ ሌላ የሚሄድበት ስላልነበረው ነው። በሐምሌ 1967 የወጣው አዋጅ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ሲያደርግ ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ቀረለት። ኪራዩ ከ100 ብር በታች የነበረው ቀበሌ እጅ ገባ። በእኛ መንገድ አንዱ ቤት የግል፣ ቀጥሎ ያለው የቀበሌ የሆነው ከዚያ ወዲህ ነው። ልጅ ሲወለድ ባለ ካርታው በረንዳ ይደፍናል። የቀበሌ ቤት ያለው ግን ካርታ ከየት ያምጣ? እሱ ወደ ውስጥ ነው የሚያሰፋው። አንዱን ክፍል በኮምፔርሳቶ ሁለት ያደርገዋል፣ ሁለቱን በመጋረጃ ሦስት። ማዶ ያለችው እትዬ አ. በዚህ ዘዴ አምስት ልጅ አሳድጋ ሦስቱን ድራለች። ማንም ቢሮ ፋይል የላትም።

ፎቅ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። በእኛ ሰፈር ስንት ፎቅ እንደተሠራ ብታውቁ! ሁሉም ከሰዓት በኋላ ነው የሚሠራው። ጫቱ ሞቅ ሲያደርግ አንዱ «ግራውንዱን ሱቅ፣ አንደኛውን አፓርታማ» ይላል። ሌላው ሊፍት ይጨምርለታል። የሐ. አባት ራሱ አንድ ቀን ከጣሪያው ላይ ካፌ ከፍቶ ነበር፣ ወደ ባቡር ጣቢያው የሚያሳይ። ማታ ምርቃናው በመጠጥ ሲሰበር፣ ጨብሲ ላይ፣ ሊፍቱ ይቆማል፣ ጠዋት ላይ ካፌው የለም። የቆመው ኮለን ብቻ ነው፣ ብረቱን ወደ ሰማይ ቀስሮ። እኔ ግን አልስቅባቸውም። እንዲያውም እስከ ጨብሲ ድረስ ያለው ፎቅ የማንንም ነፋስ አይወስድም።

ይህን ሁሉ ሳስብ አንድ ሌላ ነገር መጣብኝ። ውጭ መተኛት የተውነው መቼ ነው?

ግንቦት ሲገባ አልጋ ይወጣ ነበር። ማታ ሲሚንቶው ላይ ውሃ እንረጫለን፣ እስኪደርቅ በባዶ እግራችን እንሮጥበታለን፣ ከዚያ ጠፍር አልጋዎቹ ተራ በተራ ይዘረጋሉ። አጎበሩ አንድ ጫፉ ልብስ ማስጫው ሽቦ ላይ፣ አንድ ጫፉ ዛፉ ላይ ይታሰራል። በአጥሩ ወዲያ እነሱም አልጋቸውን ያወጣሉ። የሰፈር ሰው ሁሉ አንድ ክፍል ውስጥ እንደተኛ ነበር። ማን እንደሚያንኮራፋ፣ ማን ሌሊት ራዲዮ እንደሚከፍት፣ የማን ሚስት እንዳኮረፈች ይታወቃል። አባቢ «ዝም በሉ፣ ተኙ» ሲለን ከማዶ ግቢ ያሉት ልጆችም ዝም ይላሉ። ሐምሌ ላይ ደግሞ እኩለ ሌሊት ዝናብ ጠብ ሲል ሁሉም ፍራሹን እየጎተተ ሲሮጥ፣ የሚሳቀው ሳቅ! አሁን ማንም ውጭ አይተኛም። ተው ያለን ግን ማንም የለም። አንድ ቀን አልጋው ገባ፣ በሚቀጥለው ግንቦት አልወጣም።

እማዬን ጠየቅኳት።

«ቬንትሌተር የተገዛ ጊዜ ነዋ» አለች፣ ካርቶኑን ሳታቆም።

«መቼ ተገዛ?»

«እኔ ምኑን አውቄ! ኃይሌ አትላንታ የሮጠ ጊዜ ውጭ ነበርን። አባትሽ ቴሌቪዥኑን በመስኮት ወደ ግቢ አዙሮልን፣ ሰፈርተኛው ሁሉ እኛ አልጋ ላይ ተቀምጦ አይደል ያየው? ያንዱ አልጋ ጠፍሩ የተበጠሰው ያን ዕለት ነው።»

ይሄ 1988 ነው። እኔ ደግሞ ደቻቱ የሞላ ሌሊት፣ ሐምሌ 30 ቀን 1998፣ ውስጥ እንደነበርን እርግጠኛ ነኝ። ጩኸቱን የሰማሁት በመስኮት ነው። ያ ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው የወሰደብን ነው፣ የዚያን ሌሊት የት እንደነበርሽ አትረሺም። ስለዚህ በእነዚህ አሥር ዓመታት መካከል አንድ ግንቦት ላይ ነው የተውነው። የትኛው?

ለወንድሜ በቴሌግራም ድምፅ ላኩለት። እሱ ያለበት አገር ቀን ነው። ወዲያው መለሰ፣ ሥራ የለውም ማለት ነው። ሌባ ነው ምክንያቱ አለ። የአባቢ ሽርጥ ከነኪስ ቦርሳው ከሽቦው ላይ ከተወሰደ በኋላ ነው አለ። ሽርጥ ኪስ የለውም አልኩት። የሚሰፋለት ነበር አለኝ። ከዚያ ሳላስበው «እኔ እንኳ ከዛፉ ሥር ስለምተኛ ጠል አይነካኝም ነበር» ብሎ ጨመረበት።

እዚህ ላይ ዝም ማለት አልቻልኩም። ከዛፉ ሥር የምተኛው እኔ ነኝ! እሱ በውሃ በርሜሉ በኩል ነበር። ቅርንጫፉ ላይ ገመድ አስሬ ጫማዬን የምሰቅለው እኔ ነኝ፣ ጊንጥ እንዳይገባበት። እሱም ገመድ የማሥረው እኔ ነበርኩ አለ። ድምፅ በድምፅ ላይ ተላላክን። መብራት መጣ፣ ቬንትሌተሩ መዞር ጀመረ፣ ማንም አላየውም። በመጨረሻ እማዬን ዳኛ አደረግናት። ስልኩን አፏ ጋ አስጠግቼ «እማዬ፣ ከዛፉ ሥር ማን ነበር የሚተኛው? በይ ንገሪው» አልኳት።

«የምን ዛፍ?» አለች።

«ግቢ ውስጥ የነበረው ዛፍ።»

«እኛ ግቢ ዛፍ ኖሮ አያውቅም። የመብራት እንጨት ነበር።»

ወንድሜ ስድስት የሳቅ ምስል ላከ። ቀጥሎ ግን ዝም አለ፣ እሱም ዛፍ ነው ያለው። እማዬ ከቃሏ አልተመለሰችም። ቦታው ጠባብ ስለሆነ አባታችሁ ዛፍ አይወድም ነበር፣ ሥሩ መሠረት ይሰነጥቃል ይል ነበር አለች። እኔ ቅጠሉን አስታውሰዋለሁ። ጠዋት አጎበሩ ላይ ረግፎ የማገኘውን። የመብራት እንጨት ቅጠል ያረግፋል? ወይስ የጎረቤት ዛፍ ነበር፣ ቅርንጫፉ ብቻ ወደ እኛ የገባ? የሐ. አባትን ልጠይቀው አሰብኩና ይቅር አልኩ። ዛሬ እሱ ጋ ሄጄ ስለ ዛፍ ባወራ «ሴትየዋ ላለመፈረም ዛፍ ተከለች» ይለኛል።

የፎቶ ሳጥኑን አወረድኩት። ሰርግ፣ ክርስትና፣ አባቢ ከባቡር ጋር፣ እኔ ፊቴን አጨፍግጌ። ግቢውን ማንም ፎቶ አላነሳውም። አንድ ላይ ብቻ ከወንድሜ ራስ ኋላ የሆነ ጥቁር ነገር ቀጥ ብሎ ቆሟል። ግንድ ነው እላለሁ። እማዬ መነጽሯን አድርጋ አየችና «እንጨት» አለች። ወንድሜ «ጣት ነው፣ ፎቶ ያነሳው ሰው ጣት» አለ።

የድሮ ሰፈር ልጆች፣ ይህን የምታነቡ ካላችሁ፣ ኃይሌን እኛ ግቢ ያያችሁ፣ በተለይ ያንን አልጋ የበጠስከው አንተ፣ እባካችሁ። ዛፍ ነበረን አልነበረንም?