እጄን ካወጣሁ በኋላ የጻፍኩት አቤቱታ

ይህን የምጽፈው ማንም ስላላስጠነቀቀኝ ነው። አንድ ሰው ቀደም ብሎ «ፓርቲህን ልትከስ ከሆነ መጀመሪያ ደብዳቤህን ገቢ አስደርግ» ቢለኝ ኖሮ ያን ሁሉ ወር ባልተንገላታሁ ነበር።

የፓርቲውን ስም አልጠራም። ብጠራው ቂም ይመስላል። ደግሞም ነገሩ የአንድ ፓርቲ ብቻ አይመስለኝም። ተቃዋሚ ነው፣ ቢሮው ፒያሳ አካባቢ ያረጀ ፎቅ ላይ ነበር፣ ይበቃል። አባል መሆን ቀላል ነው። ፎርም ትሞላላችሁ፣ ሁለት ጉርድ ፎቶ ትሰጣላችሁ፣ ወርሃዊ መዋጮ ትከፍላላችሁ። አለቀ።

እኔ ግን መዋጮ ከፍሎ የሚቀመጥ አባል አልነበርኩም። በአዋጅ ቁጥር 1162/2011 መሠረት አገር አቀፍ ፓርቲ ለመመዝገብ 10,000 መሥራች አባላት ያስፈልጉታል። ከነሱ ውስጥ 212ቱን ያስፈረምኩት እኔ ነኝ። ከአራት ኪሎ እስከ ካዛንቺስ ቤት ለቤት ዞሬ። አንዳንዱ በሩን ይዘጋብሃል፣ አንዳንዱ ውሻ ይለቅብሃል። አንዲት እናት ቡና አጠጥተውኝ «ልጄ፣ በ97 ተሰልፌ ምን አተረፍኩ?» ብለው ሳይፈርሙ ሸኙኝ።

በ97 እኔም ተሰልፌያለሁ። ግንቦት 7፣ ገና ሳይነጋ። አዲስ አበባ 23ቱንም የፓርላማ ወንበሯን ለተቃዋሚ የሰጠችበት ምርጫ ነው። ከዚያ በኋላ የሆነውን ታውቁታላችሁ። በ2007 ደግሞ 547ቱም መቀመጫ በኢህአዴግና በአጋሮቹ ተያዘ። ውጤቱ የተነገረ ሰሞን እኔና ጓደኞቼ አራት ኪሎ ማኪያቶ ይዘን ሳቅን። «እንዴት አንድ ሰው እንኳ ይጠፋል?» እያልን። ይህቺን ሳቅ ያዙልኝ።

ጉዳዩ የተበላሸው የአዲስ አበባ ቅርንጫፍ ጉባኤያችን ላይ ነው። ስታዲየም አካባቢ አዳራሽ ተከራይተን ነበር። ደንባችን ሁለት ነገር በግልጽ ይላል። አመራር የሚመረጠው በሚስጥር ድምፅ ነው። ሰብሳቢ ከሁለት የሥራ ዘመን በላይ አይቆይም። የኛ ሰብሳቢ ሁለቱን ጨርሰዋል። የድምፅ መስጫ ወረቀቱን ከማተሚያ ቤት ያመጣሁት እኔ ራሴ ነኝ። በካርቶን ታሽጎ እግሬ ሥር ተቀምጧል።

ከምሳ በኋላ፣ ሰዉ በልቶ እንቅልፍ እንቅልፍ ሲለው፣ መድረክ መሪው ማይኩን ያዘ። «ጊዜ ስለሌለን የደንብ ማሻሻያውንና ምርጫውን አንድ ላይ እንጨርሰው» አለ። ማሻሻያ የሚባል ነገር አጀንዳው ላይ አልነበረም። «የምትደግፉ?» እጅ ወጣ።

የኔም እጅ ወጣ።

ለምን እንዳወጣሁት እስካሁን ራሴን እጠይቃለሁ። ሰብሳቢው ፊት ለፊቴ ናቸው። ለዚህ ትግል ታስረው የወጡ ሰው ናቸው፣ አከብራቸዋለሁ። በቀኜም በግራዬም ያለው እጅ ወጥቷል። ዓይናቸው በረድፉ ላይ ሲያልፍ የኔ ብቻ ወርዶ እንዲያዩት አልፈለግኩም። ይኸው ነው። «የምትቃወሙ?» ዝም። «ድምፀ ተአቅቦ?» ዝም። «በሙሉ ድምፅ ጸድቋል!» ጭብጨባ። እኔም አጨበጨብኩ። ያ የ2007 ሳቅ ጉሮሮዬ ላይ ቆመ።

ገዢውን ፓርቲ «ኮሮጆ ገለበጠ» ስንል የኖርን ሰዎች ነን። የኛን ኮሮጆ ማንም አልገለበጠውም። አልተከፈተማ!

አቤቱታውን መጻፍ ግማሽ ቀን ፈጀ። የደንቡን አንቀጾች ጠቀስኩ። ሕገ መንግሥቱንም ጨመርኩ። አንቀጽ 38 ንዑስ አንቀጽ 3 በፖለቲካ ድርጅቶች ውስጥ ለኃላፊነት ቦታ የሚደረግ ምርጫ ነፃና ዴሞክራሲያዊ እንዲሆን ያዛል። ብዙ ሰው አንቀጽ 38ን የሚያውቀው ስለ መምረጥና መመረጥ ነው፣ እስከ ታች አያነበውም። እኔም ያን ቀን ነው እስከ ታች ያነበብኩት፣ ለነገሩ።

አሁን ወደ ማስገባቱ። ደንቡ አቤቱታ ለቅርንጫፉ ጽሕፈት ቤት ይቀርባል ይላል። የተከሰሱት ሰው ጽሕፈት ቤት ማለት ነው። ይሁን ብዬ ወሰድኩት።

«ጋሼ፣ እዚህ ይተዉልኝ። ሰብሳቢው ሲመጡ ያዩታል» አለችኝ ጸሐፊዋ። ትሁት ልጅ ናት። ዋናውን ሰጥቻት ወጣሁ። ኮፒ የለኝ፣ ቁጥር የለኝ፣ ምን የለኝ። ስንት ዓመት የቀበሌና የክፍለ ከተማ ደጅ የጠናሁ ሰው፣ የራሴ ቤት ነው ብዬ ተዘናጋሁ።

በሳምንቱ ሄድኩ። «የቱ ደብዳቤ?»

እንደገና አሳተምኩ፣ አሁን በሁለት ኮፒ። «ገቢ አድርጊልኝና አንዱ ላይ ማህተም ምቺልኝ» አልኳት። ማህተሙ መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎበታል። ቁልፉ ማህተም ያዡ ጋ ነው። ማህተም ያዡ ፊልድ ወጥቷል። የት ነው ፊልዱ? አታውቅም። በሦስተኛው ሳምንት ማህተም ያዡን ደረጃው ላይ አገኘሁት። እጁን ይዤ ይዤው ወጣሁ ማለት ይቻላል። «ለማን እንደሚመራ ሳይታወቅ ገቢ አይደረግም» አለኝ። ለማን እንደሚመራ የሚወስነው ማን ነው? ሰብሳቢው። ሰብሳቢውስ? ስብሰባ ላይ።

አራተኛው ጊዜ ምክትሉ ቢሮው አስገባኝና ሻይ አዘዘልኝ። «አንተ እኮ የራሳችን ሰው ነህ» አለኝ። «ምርጫ እየመጣ ገመናችንን አደባባይ ብታወጣው ማን ይደሰታል? ከምርጫ በኋላ እንነጋገርበታለን።» ይህን ዓረፍተ ነገር ስሰማው አዲስ አልሆነብኝም። እኛ ነፃነት ስንጠይቅ ገዢዎቹ «መጀመሪያ ልማት» ይሉን ነበር። እኛ ደግሞ «መጀመሪያ ትግል»። ዴሞክራሲ ሁልጊዜ ከአንድ ነገር በኋላ የሚመጣ እንግዳ ነው። ይህን በቃሌ አልነገርኩትም። ሻዩን ጠጥቼ ወጣሁ፣ ስኳሩ በዝቶ ነበር።

ያን ማታ በንዴት አንድ ስህተት ጨመርኩ። የአቤቱታውን ፎቶ የአባላት ቴሌግራም ላይ ለጠፍኩት። ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ላይ። ዘጠኝ ደቂቃ አልቆየሁም፣ ከግሩፑ ተባረርኩ። የሚያውቁኝ ሰዎች እንኳ በማግስቱ የጠየቁኝ ስለ ምርጫው ሳይሆን «ምነው በሌሊት?» ብለው ነው።

ከጭንቁ ያወጣኝ የሕንፃው ዘበኛ ነው። ስመላለስ ያየኛል። «ልጄ፣ በሪኮማንዴ ለምን አትልከውም?» አለኝ። «አባባ፣ ቢሮው እዚሁ ነው እኮ» አልኳቸው። «እሱማ ነው» አሉኝ።

ቸርችል ጎዳና፣ ዋናው ፖስታ ቤት ወረድኩ። ከፒያሳ በእግር ቁልቁል ነው። ሦስት ፎቅ መውጣት ያቃተው ደብዳቤ፣ ቁልቁል ወርዶ ተመልሶ ሊወጣ ማለት ነው። ቴምብር ተለጠፈ፣ ቁጥር ተሰጠው፣ ቀን ያለበት ማህተም ዷ አለ። ደረሰኟን ኪሴ ከተትኩ። ከሁለት ወር በላይ የለመንኳት ማህተም ይህቺ ናት።

በሳምንቱ የሥነ ሥርዓት ኮሚቴ ጠራኝ። «የቱ ደብዳቤ?» ያሉት ሰዎች አሁን ደብዳቤውን በፋይል ይዘው ተቀምጠዋል። እኔ ከሳሽ መስሎኝ ነበር የሄድኩት። ተከሳሽ ሆኜ ጠበቁኝ።

አንደኛው ስልኩን አወጣና ፎቶ አሳየኝ። የጉባኤው ዕለት ነው። እጄ እስከ ጆሮዬ ሽቅብ ተዘርግቷል፣ አፌ ትንሽ ተከፍቷል። ወንበሬ ሥር ካርቶኑ ይታያል። ማሸጊያ ፕላስተሩ እንኳ አልተላጠም። የሱን ማስረጃ ነው የሚያሳየኝ ወይስ የኔን?

«ይሄ እጅ የማን ነው?»

«የኔ።»

«ታዲያ በሙሉ ድምፅ ባጸደቅከው ነገር ነው የምትከሰን?»

«ተሳስቻለሁ» አልኩ። ሌላ ቃል አልወጣኝም። መልሱ የመጣልኝ ታክሲ ውስጥ ነው፣ ለገሃር ጋ። ሚስጥር ድምፅ የተፈለገው እኮ ለጀግና አይደለም! ጀግናማ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። ሳጥኑ የተሠራው እንደኔ ዓይን ለሚፈራ ሰው ነው። እኔው ነኝ ማስረጃው። ይህን እዚያ ክፍል ውስጥ ብዬው ቢሆን! ረዳቱን ሒሳብ ልሰጥ ስል ሳይታወቀኝ ጮክ ብዬ ተናገርኩት መሰለኝ፣ አጠገቤ ያለችው ልጅ ፈቀቅ አለች።

ደንቡ መጀመሪያ በቃል ተነጋገሩ፣ ከዚያ ለቅርንጫፍ አመልክቱ፣ ለሌላ ወገን አታሳዩ ይላል። እኔ ግን በቃል ምንም አትጀምሩ ነው የምለው። የተባለው ሁሉ ሻይ ሆኖ ይቀራል። ጎረቤት ቢሮም ቢሆን በሪኮማንዴ ላኩ። ለሌላ ወገን አታሳዩ የሚለውንም አትስሙ። ለምታምኗቸው ሁለት አባላት ኮፒ ስጡ፣ ቴሌግራም ላይ ግን አትለጥፉ፣ በሌሊትማ በፍጹም። ከሁሉ በፊት፣ አዳራሹ ውስጥ እያላችሁ ልዩነታችሁን ቃለ ጉባኤ ላይ አስመዝግቡ። እጅ ማውረድ ካቃታችሁ፣ እንደኔ ከሆናችሁ ማለቴ ነው፣ ቢያንስ ተነሥታችሁ ሽንት ቤት ሂዱ። በፎቶው ላይ ባዶ ወንበር ይታያል።

ውሳኔው ከወር በኋላ ደረሰኝ። አቤቱታዬ ውድቅ ሆኗል። እኔም ለስድስት ወር ታግጃለሁ። ደብዳቤው አማርኛው ያማረ ነው። ቁጥር አለው፣ ክቡ ማህተም ፊርማው ላይ ጥርት ብሎ አርፏል። መጨረሻው ላይ «ውሳኔው በደብዳቤ ከተገለጸበት ቀን አንስቶ በ15 ቀን ውስጥ ይግባኝ ማለት ይቻላል» ይላል። ገልብጬ አየሁት። ቀን የለውም።

ወጥቼ ጸሐፊዋን ጠየቅኳት።

«ቀን የሚሞላው ማህተም ያዡ ነው፣ ጋሼ» አለችኝ። «ፊልድ ወጥቷል።»