የድሬዳዋ ፍቅር ከሬጅስትራሩ መስኮት ሲደርስ፦ ከተግባር ልምምዴ ማስታወሻ

በየግቢው የተግባር ልምምድ ላይ ላላችሁ የሁለተኛ ዲግሪ ባልንጀሮቼ፦ የእኔ እንዴት እየሄደ እንደሆነ ስለጠየቃችሁኝ ረዘም አድርጌ ልጻፍላችሁ። የተመደብኩት ድሬዳዋ በሚገኝ አንድ የከፍተኛ ትምህርት ተቋም፣ የውጭ አገር ተማሪዎችን ጉዳይ በሚከታተል ክፍል ነው። ከጅቡቲ፣ ከሶማሌላንድና ከደቡብ ሱዳን የሚመጡ ተማሪዎች፣ እንዲሁም በስደት አገራችን ያሉ ወጣቶች ከምዝገባ እስከ ፈተና የሚገጥማቸውን እንቅፋት እየለየሁ የማሻሻያ ሐሳብ አቀርባለሁ።

ሥራ ስጀምር በየቢሮው የሰማሁት መልስ አንድ ዓይነት ነበር፦ «ድሬ እኮ የፍቅር ከተማ ናት፤ እዚህ እንግዳ የሚባል የለም።» ሐሰት አይደለም። ከተማዋ በ1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ የመጣው የባቡር ሐዲድ ሲደርስ የተወለደች ናት። ኦሮምኛው፣ ሶማልኛው፣ አማርኛውና ሐረሪው በአንድ ሱቅ ደጃፍ ይሰማል፤ ግሪኩም አርመኑም የመኑም ነግዶባታል፤ ትልቅን ሰው «አንተ» ማለት እንደ ድፍረት አይቆጠርም። ነገር ግን ይህ ፍቅር በራሱ ጊዜ ቢሮ ውስጥ አይገባም። ቅጹን፣ ማስታወቂያውንና መርሐ ግብሩን የሚያዘጋጀው ሰው አስቦበት ካላስገባው በስተቀር ከበር መልስ ይቀራል። ልምምዴ እስካሁን ያሳየኝ ዋና ነገር ይህ ነው።

ከጅቡቲ የመጣች የአንደኛ ዓመት ተማሪ አንድ ሰኞ ከምሳ በኋላ ወደ ቢሯችን መጣች። አራት ቦታ የታጠፈ የፈተና ማስታወቂያ ይዛለች። «2፡00» የሚለውን በጣቷ እያሳየች፣ አዳራሹ ለምን ባዶ እንደሆነ ጠየቀችን። እኛ ቀኑን የምንቆጥረው ከንጋት ጀምሮ ስለሆነ ፈተናው ያለቀው ጠዋት ነበር፤ በእሷ ሰዓት 8፡00 ላይ የተጀመረ። ወረቀቱ ላይ «ጠዋት» የሚል ቃል እንኳ አልነበረም። በላዩ ደግሞ የዘመን አቆጣጠሩ አለ፦ ለምሳሌ መስከረም 20 የሚል ቀን ፓስፖርቷ ከሚከተለው አቆጣጠር ጋር በቀንም በዓመትም አይገጥምም። ልጅቷ ከትምህርት ክፍሉ ጋር ተነጋግረን ሌላ የፈተና ቀን ተሰጣት። የእሷ ጉዳይ እዚያ ቢያበቃም የወረቀቱ ጉዳይ ግን አላበቃም።

ስለዚህ ማስታወቂያዎች ሁሉ በሁለቱም ሰዓትና በሁለቱም አቆጣጠር ጎን ለጎን የሚወጡበትን አንድ ገጽ ቅጽ አዘጋጀሁ። «ለጥቂት ሰው ተብሎ?» ያሉኝ ነበሩ። ከተለጠፈ በኋላ ግን የአገራችን ተማሪዎችም በስልካቸው ፎቶ እያነሱት ነው፤ ውጭ አገር ነፃ የትምህርት ዕድል ሲያመለክቱ የሚያስቸግራቸው ይኸው ቀን ማመሳከር ነዋ። ለጥቂቶች ተብሎ የተነጠፈ መንገድ ብዙዎችን እንደሚያሳልፍ ክፍል ውስጥ የተማርነውን እዚህ በዓይኔ አየሁት።

ሁለተኛው ትምህርቴ «የውጭ ተማሪ» ብለን በአንድ ሣጥን የምንከታቸው ልጆች ችግራቸው ፍጹም የተለያየ መሆኑ ነው። የሐርጌሳው ልጅ መጋላ ገበያ ሲገባ እንደ አገሩ ነው፤ በሶማልኛ ተከራክሮ ይገዛል። የደቡብ ሱዳኗ ልጅ በተቃራኒው እንግሊዝኛው ስለሚቀናት ክፍል ውስጥ ጎበዝ ናት፤ ከግቢ ስትወጣ ግን የምታወራው ሰው ታጣለች። የጅቡቲው ተማሪ በፈረንሳይኛ ተምሮ መጥቶ፣ መምህር ፊት እንግሊዝኛው ዝም ያሰኘዋል። (ከዚራ አካባቢ ከባቡር ድርጅት ጡረታ የወጡ አባት ከአንዱ ጋር በፈረንሳይኛ ሲጨዋወቱ አይቻለሁ፤ የልጁ ፊት እንዲያ ሲበራ ክፍል ውስጥ አይቼ አላውቅም።) ከጅግጅጋ የመጣ ኢትዮጵያዊ ደግሞ «ከየት አገር ነህ?» እየተባለ ይጠየቃል። ለእነዚህ ሁሉ አንድ ዓይነት የአቀባበል ገለጻ ሰጥቶ «አካተናል» ማለት አይቻልም።

የባህል ቀን ማዘጋጀቱን አልቃወምም፤ ልብሱም ጭፈራውም ያስደስተኛል። ግን የከፍተኛ ትምህርት ተመራማሪዋ ጄን ናይት እ.ኤ.አ. በ2003 ለከፍተኛ ትምህርት ዓለም አቀፋዊነት የሰጠችውን ትርጓሜ አስታውሱ፦ ጉዳዩን ያኖረችው በትምህርቱ ዓላማ፣ በተግባሩና በአሰጣጡ ውስጥ ነው። ይህ ማለት በሬጅስትራሩ መስኮት ጭምር ነው።

አሁን የያዝኩት የስደተኞቹን ጉዳይ ነው። አዋጅ ቁጥር 1110/2011 ስደተኞች ትምህርት የማግኘት መብት እንዳላቸው ደንግጓል። እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ ያለው የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ድርጅት የዳፊ (DAFI) ነፃ የትምህርት ዕድልም ስደተኞችን በዩኒቨርሲቲ ያስተምራል። የእኛ የምዝገባ ቅጽ ግን የሚጠይቀው የፓስፖርት ቁጥር ብቻ ነው። የስደተኛ መታወቂያ የያዘ ልጅ ቦታውን ባዶ ይተወዋል፤ ቅጹም «ያልተሟላ» ተብሎ ይመለሳል። አዋጅ የሰጠውን መብት አንዲት መስመር ስትከለክል ማየት ያንገበግባል። «ፓስፖርት ወይም የስደተኛ መታወቂያ» ተብሎ እንዲስተካከል በጽሑፍ አቅርቤ ውሳኔ እየጠበቅሁ ነው። ከዚያ የሚቀጥለው የዓርብ ከሰዓት የላቦራቶሪ ሰዓት ነው፤ ከጁምዓ ሶላት ጋር ስለሚጋጭ ተማሪዎቹ ያቀረቡትን አማራጭ ከመምህራኑ ጋር እናየዋለን።

ሐረርና ጅግጅጋ ያላችሁ፣ የየተቋማችሁን የምዝገባ ቅጽ የተማሪ መረጃ የሌለበትን ባዶውን ላኩልኝ። የመታወቂያው መስመር እናንተ ጋ እንዴት እንደተጻፈ ማወቅ እፈልጋለሁ፤ የተሻለ ካገኘሁ ከማመልከቻዬ ጋር አያይዘዋለሁ።