የድንቅነሽ ጉልበት

ዛሬ ተማሪዎቼን ይዤ ብሔራዊ ሙዚየም ነበርኩ። ድንቅነሽ ፊት ቆመናል። ቁመቷ ከ1 ሜትር ብዙም አይበልጥምና ልጆቹ ገና ሲያዩዋት "ውይ፣ ስታንስ!" አሉ።

አንዷ ግን ዝም ብላ ስታይ ቆየችና "ቲቸር፣ በሁለት እግሯ ትሄድ እንደነበር በምን ታወቀ? ማንም አላያት" አለችኝ።

እንዴት ደስ እንዳለኝ! ስንት ዓመት የጠበቅኩት ጥያቄ ነው። "ቀጥ ብለሽ ቁሚና ጉልበቶችሽን እይ" አልኳት። አጎንብሳ አየች። "ዳሌዬ ሰፊ ነው፣ ጉልበቶቼ ግን ተጠጋግተዋል" አለች።

በቃ፣ እሱ ነው። የኛ የጭን አጥንት ከዳሌ ሲወርድ ወደ ውስጥ ያዘነብላል። ስንራመድ ወዲያና ወዲህ የማንወላገደው ለዚህ ነው። የቺምፓንዚ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። የድንቅነሽ ግን እንደኛ ያዘነበለ ነው፤ ያውም አንጎሏ ከቺምፓንዚ እምብዛም ሳይበልጥ። ከ3.2 ሚሊዮን ዓመት በፊት፣ አፋር ምድር ላይ፣ እግር ቀድሞ አንጎል ተከተለ።

ይህንን ሰሌዳ ላይ ስንቴ ጽፌዋለሁ። ልጆቹ ይገለብጡታል፣ ለፈተና ይሸመድዱታል። ዛሬ ግን ማስረጃው የገዛ እግራቸው ላይ ነበር።

ስንወጣ ዞር ብዬ አየሁ። ልጆቹ ሁሉ ጉልበት ጉልበታቸውን እያዩ ይራመዳሉ።