የአደራ ልጆች በክፍሌ ውስጥ

የትምህርት ቤታችን መመዝገቢያ ቅጽ ከልጁ ስም ቀጥሎ የአባት ስም፣ ከዚያም የአያት ስም ይጠይቃል። አብዛኛው ወላጅ ሳያስብበት ይሞላዋል። የአደራ ልጅ ይዛ የመጣች ሴት ግን እዚያ ላይ ስትደርስ ትቆማለች። ዘንድሮ መስከረም ላይ አንድ ወንድ ልጅ ይዘው የመጡት እናት ብዕሩን መለሱልኝና፣ «አንቺው ጻፊው ልጄ። የወለደው አባት ስም ይጻፍለት። እኔ ላሳድገው ተቀበልኩ እንጂ ስሙን ልወስድበት አልመጣሁም» አሉኝ። የእሳቸውንም የልጁንም ስም እዚህ አልጽፍም፤ እትዬ እያልኩ ልቀጥል።

እትዬ ሕግ አላነበቡም፤ የተናገሩት ግን ሕጉ ከሚለው አይርቅም። ጉዲፈቻ በፍርድ ቤት ይጸድቃል፤ ልጁም ለዘለቄታው የአሳዳጊው ልጅ ይሆናል። በአደራ ቤተሰብ ማደግ ግን ጊዜያዊ ነው፤ የሥጋ ዘመድ እስኪገኝ ወይም ቋሚ ቤት እስኪዘጋጅ ድረስ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው አገር አቀፍ የአማራጭ እንክብካቤ መመሪያ ልጅን በማኅበረሰቡ መካከል መደገፍን፣ ከዘመዶቹ ጋር መልሶ ማቀላቀልን፣ የአደራ ቤተሰብንና ጉዲፈቻን ያስቀድማል፤ የሕፃናት ማሳደጊያ ተቋምን የመጨረሻ አማራጭ ያደርገዋል። በ2010 ዓ.ም. የውጭ አገር ጉዲፈቻ በሕግ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ እዚሁ አገር ውስጥ ቤቱን የሚከፍት ሰው ካልተገኘ፣ ብዙዎቹ ልጆች ተቋም ውስጥ ወይም ጎዳና ላይ ይቀራሉ።

ዕድሜውን ስጠይቃቸው ትከሻቸውን ነቀነቁ። የልደት ምስክር ወረቀት የለውም። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በመላ አገሪቱ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ክረምት ነው፤ በገጠር ተወልደው በግርግር መካከል ከቤታቸው የወጡ ልጆች ጋር ደግሞ ወረቀት አብሮ አልመጣም። ስለዚህ እናቶቻችን ያደርጉት እንደነበረው እጁን በአናቱ ላይ አዙሮ የወዲያኛውን ጆሮውን እንዲነካ ነገርኩት። ነካው። ከፊት ያሉት የወተት ጥርሶቹም መነቃነቅ ጀምረዋል። ስድስት ዓመት ብለን ጻፍን።

እትዬ ሙስሊም ናቸው፤ ልጁ ማተብ አስሮ ነው የመጣው። ማተቡ እስካሁን አንገቱ ላይ አለ። እትዬ ቤት በታረደ ቀን ለእሱ ሽሮ ለብቻው ይሠራለታል፤ በፋሲካና በገና ደግሞ ከክርስቲያን ጎረቤት ሥጋው በሳህን ተከድኖ ይመጣለታል። እሑድ ያቺው ጎረቤት ከልጆቿ ጋር ቤተ ክርስቲያን ትወስደዋለች። ወሎ ውስጥ ይህ ለማንም አዲስ ነገር አይደለም፤ የጻፍኩትም እንዲደነቅልን አይደለም። ኢትዮጵያ በ1983 ዓ.ም. የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን በ20ኛው አንቀጹ፣ ከቤተሰቡ የተለየ ልጅ አስተዳደጉ እንዳይቋረጥ፣ ሃይማኖቱ፣ ባህሉና ቋንቋው ግምት ውስጥ እንዲገባ ይጠይቃል። ብዙ ነገር የተወሰደበት ልጅ የእኔ የሚለው ነገር እንዲተርፍለት ያስፈልጋል። ለዚህ ልጅ የተረፉት ስሙና ማተቡ ናቸው።

እንዲህ ያሉ ልጆች ወደ ክፍሌ መምጣት የጀመሩት አሁን አይደለም። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ከወልዲያ፣ ከቆቦና ከዙሪያው የተፈናቀለው ሕዝብ ደሴ ሲገባ ትምህርት ቤቶቻችን መጠለያ ሆነው ነበር። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ራሷን ደሴንና ኮምቦልቻን ደረሰባቸው። ከዚያ በኋላ ሁሉም ወደ ቤቱ አልተመለሰም፤ የተመለሰውም ሁሉ የተዋቸውን ሰዎች አላገኘም። ከዚያ ወዲህም አገሩ አልተረጋጋም።

የአደራ ልጅ ክፍል ውስጥ ሲቀመጥ ምን እንደሚመስል ልጻፍ፤ መምህራን ይህን ብናውቅ ብዙ ነገር ይቀላል ብዬ አምናለሁና። ይህ ልጅ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ዳቦውን ግማሹን ይበላና ግማሹን ኪሱ ውስጥ ይከተው ነበር። ተቆጥቶ ማስወጣት አይገባም፤ ነገም ዳቦ እንዳለ በዓይኑ ደጋግሞ ሲያይ ራሱ ይተወዋል። በር በተከፈተ ቁጥር አንገቱ ይዞራል። እንግዳ ሰው ክፍል ከገባ ከልጆች ሁሉ ቀድሞ ሮጦ እጁን የሚይዘው እሱ ነው። ባልደረባዬ ይህን አይታ «እንዴት ያለ ተግባቢ ልጅ ነው!» አለች። እኔን ግን ያስጨነቀኝ ይኸው ነበር። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ ከማያውቀው ሰው ትንሽ መሸሽ፣ ወደሚያውቀው መጠጋት አለበት። ለሁሉም እኩል የሚሮጥ ልጅ ማን የእሱ እንደሆነ ገና አልታወቀውም።

ፊደል ቆጠራው ላይም ያው ነው። 33ቱ ፊደላት በሰባት ሰባት ድምፅ 231 ይሆናሉ፤ ለትንሽ ልጅ ብዙ ነው። ሌሎቹ ልጆች በዜማው እየተጎተቱ ሲሄዱ እሱ አፉን እያንቀሳቀሰ በመስኮት ያይ ነበር። ሰነፍ አይደለም። በየቀኑ የሚጠይቀኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፦ «ማነው የሚወስደኝ?» ማታ የት እንደሚያድር እርግጠኛ ያልሆነ ልጅ ስለ «ለ» እና ስለ «ሐ» ሊያስብ አይችልም። ስለዚህ ከእትዬ ጋር ተስማማን። ጠዋት ሳይጠይቀኝ በፊት እኔው እነግረዋለሁ፦ «ደወል ሲደወል እማማ በሩ አጠገብ ይቆማሉ።» እሳቸውም ዝናብም ይሁን ገበያ እዚያው ቦታ ይቆማሉ፤ መምጣት ካልቻሉ ማን እንደሚመጣ ጠዋት ለእሱ ለራሱ ይነግሩታል። ሌላ መላ አልፈጠርንም። ጥያቄው እየራቀ መጣ፤ ከዚያ በኋላ ፊደሉ መግባት ጀመረ።

ይህ የእኔ ግምት ብቻ አይደለም። ሩማኒያ ቡካሬስት ውስጥ በተቋማት ያድጉ የነበሩ 136 ሕፃናት ከ2000 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተጠንተዋል። ግማሾቹ በዕጣ ተለይተው ወደ አደራ ቤተሰብ ገቡ። ቤተሰብ ያገኙት በአእምሮ ዕድገትም ሆነ ከሰው ጋር በመቀራረብ በተቋም ከቀሩት ተሻሉ፤ ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው የገቡት ደግሞ ይበልጡን። ተመራማሪዎቹ ስለ ደሴ የሚያውቁት ነገር የለም፤ የእትዬን ቤት የገለጹልኝ ያህል ግን ተሰምቶኛል። የተባበሩት መንግሥታት በ2009 እ.ኤ.አ. ባወጣው የአማራጭ እንክብካቤ መመሪያም ሕፃናት፣ በተለይ ከሦስት ዓመት በታች ያሉት፣ በቤተሰብ ውስጥ እንዲያድጉ ተጠይቋል።

እኛ ወሎዬዎች የሰው ልጅ ማሳደግ አዲስ አይሆንብንም። የማር ልጅ፣ የጡት ልጅ የሚባለውን ሥርዓት አያቶቻችን ያውቁታል። በ1977ቱ ረሃብ ኮረም ሜዳ ላይ ወላጆቻቸውን ያጡ ልጆች ዛሬ አያት የሆኑ አሉ፤ በተቋም ያደጉም፣ በሰው ቤት ያደጉም። ታሪኩ የሚያኮራ ነው። ይሁን እንጂ በታሪኩ ብቻ ተኩራርተን ዝም ስንል ልቤ ይደማል፤ የሰው ልጅ አሳድጋለሁ ብሎ ወስዶ ውኃ የሚያስቀዳ፣ ሕፃን የሚያሳዝል፣ ከብት የሚያስጠብቅ ቤትም እናውቃለንና። የቤቱ ልጆች የደንብ ልብስ ለብሰው ሲወጡ እሷ ጀሪካን ይዛ የምትወጣ ልጅ አለች። «እየበላች ነው፣ እየጠጣች ነው» ይባላል። መብላት ብቻ ማደግ አይደለም። የአደራ ቤተሰብ አሠራር ምዝገባና ክትትል ያስፈለገው ለዚህ ነው፤ የሕፃናት ጉዳይ ባለሙያ ቤት ድረስ መጥታ ልጁ የት እንደሚተኛ ማየት፣ ትምህርት ቤት መጥታ ስንት ቀን እንደቀረ መጠየቅ አለባት። የእኛዋ ባለሙያ ይህን ለማድረግ የምትደክም ሰው ናት። የተሰጧት ልጆች ግን ከአንድ ሰው አቅም በላይ ናቸው፤ የምትሄደውም በእግሯ ነው።

እትዬ አንድ ቀን በር ላይ ያዙኝና፣ «እኔ ፊደል አልቆጠርኩ፤ በምን ላግዘው? የሌሎቹ እናቶች ደብተር እያዩ ያስጠናሉ» አሉኝ። ይህ ሐሳብ ስንቷን እናት ዝም እንዳሰኛት እግዚአብሔር ይወቀው። ማታ ተረት ይነግሩት እንደሆነ ጠየቅኋቸው። «ሳልነግረው መች ይተኛና!» አሉ። እንቆቅልሽስ? እሱ እንደሚያሸንፋቸው ነገሩኝ። ቡና ሲያፈሉ ሲኒውን የሚያድለው እሱ ነው፤ ለየትኛው እንግዳ አስቀድሞ እንደሚሰጥ ያውቃል፣ አቦል፣ ቶና፣ በረካ እያለ ተራውን ይቆጥራል፣ ሽምብራ ሲለቅሙ አብሯቸው ይለቅማል፣ ይለያል። እንግዲህ ትምህርቱ ይኸው ነው አልኳቸው። ቋንቋው የሚሰፋው በተረቱ ነው፤ ቁጥሩን የሚለምደው በሲኒው ነው፤ ታግሦ መጠበቅን፣ ተራ መስጠትን እኔ ክፍል ውስጥ ከማስተምረው በላይ እሳቸው ምንጣፉ ላይ ያስተምሩታል። አንድ ነገር ብቻ ጨምሬ ለመንኳቸው፦ ማታ ደብተሩን ይክፈቱና «ይህ ምንድን ነው?» ብለው ይጠይቁት፤ እሱ ያስተምርዎ። አሁን ፊደል አብረው እየቆጠሩ ነው። እስከ «መ» ደርሰዋል።

ክፍል ውስጥ ደግሞ እኔ የምጠነቀቅባቸው ነገሮች አሉ። ስለ ቤተሰብ በምናስተምርበት ሳምንት ግድግዳው ላይ የሚሰቀለው ሥዕል አባት፣ እናትና ሁለት ልጆች ነው። እኔ «ቤታችሁ ማን ማን አለ?» ብዬ ነው የማሥላቸው፤ አያት፣ አክስት፣ እማማ፣ ድመት፣ ሁሉም ይገባል። «ነገ ወላጅህን ይዘህ ና» የሚለውን ትእዛዝ ከክፍሌ አውጥቼዋለሁ። ከሁሉ የሚያናድደኝ ደግሞ ልጁ ቆሞ እየሰማ «ወላጅ የለውም እኮ፣ ምስኪን» የሚሉ አዋቂዎች ናቸው። ርኅራኄያቸው እውነተኛ ነው፤ ልጁ ግን የሚሰማው ከሌሎቹ መለየቱን ነው።

አሳዳጊዋንም የሚያግዛት ሰው ያስፈልጋል። እትዬ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ኑሯቸው በትንሽ ችርቻሮ ነው። መጀመሪያ ሰሞን ልጁ ሌሊት እየጮኸ ሲነሣና ሲሸናበት፣ በደሴ ብርድ አንሶላ በየጠዋቱ ማጠብ ለእሳቸው ቀላል አልነበረም። የሰፈሩ ቅሬ ደብተሩንና የደንብ ልብሱን ችሏል፤ ለቀብር የተቋቋመ ማኅበር በሕይወት ላለ ልጅ ሲደርስ ማየት ደስ ይላል። ለእትዬ ይበልጥ የጠቀማቸው ግን አንዲት የቅሬው አባል ቅዳሜ ቅዳሜ ልጁን ከልጆቿ ጋር ይዛ መዋሏ ነው። እሳቸው በዚያ ቀን ይተኛሉ።

ባለፈው ሳምንት ባለሙያዋ ወሬ ይዛ መጣች። በሰሜን ወሎ የእናቱ ታናሽ እህት ተገኝታለች፤ ልትወስደው ትፈልጋለች። እትዬ አለቀሱ፤ እኔም ዓይኔን መቆጣጠር አልቻልኩም። ወዲያው ግን እንባቸውን ጠርገው «አብሽሪ ልጄ፤ የእናቱ እህት ናት፤ ደስ ሊለን ይገባል» አሉኝ። ልክ ናቸው። ልጅ ሥጋ ዘመዱ ጋ ሊያድግ ከቻለ ሊሄድ ይገባዋል። የእኔ ጭንቀት አካሄዱ ነው። አንድ ጠዋት መጥተው መኪና ላይ ቢያሳፍሩት፣ ያ «ማነው የሚወስደኝ?» የሚለው ጥያቄ ዕድሜ ልኩን አብሮት ሊኖር ይችላል። ስለዚህ ለባለሙያዋ የምንፈልገውን ተናግረናል፦ አክስቱ መጀመሪያ እትዬ ቤት እየመጣች ትዋል፣ ትደር፤ ዝውውሩ በመንፈቀ ዓመቱ እረፍት ይሁን፣ በትምህርት መካከል አይሁን፤ ከሄደም በኋላ እትዬ በስልክ ያግኙት። ተቀብላናለች፤ አክስቱ ቅዳሜ ትመጣለች።

ለሚቀበለው መምህር ደብዳቤ እየጻፍኩ ነው። ፊደል እስከ የት እንደሚያውቅ፣ በሩን ማየት በሚችልበት ቦታ ቢቀመጥ እንደሚሻለው፣ ጠዋት ማን እንደሚወስደው ቢነገረው ቀኑን ሙሉ እንደሚማር፣ ቡና የማደል ሙያ እንዳለው ጽፌያለሁ። እትዬ ሳነብላቸው እስከ መጨረሻው አዳመጡና አንድ ነገር አስጨመሩኝ፦ መብራት ሲጠፋ በስሙ ከነአባቱ ጠርታችሁ አናግሩት፣ ያኔ አይፈራም።